ከሎስ አንጀለስ እስከ ዴንቨር፦ የምግብ መሸጫ ተሳቢ ስጎትት ስለ ክብደት፣ ስለ ፍሬንና ስለየስቴቱ ሕግ ያወቅሁት

ከሎስ አንጀለስ የገዛሁትን የምግብ መሸጫ ተሳቢ በራሴ ፒክአፕ ጎትቼ ወደ ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር አጠገብ ወዳለችው ኦሮራ ካመጣሁ ወዲህ፣ ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ወገኖች ልምዴን እንዳካፍላቸው ይጠይቁኛል። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ተሳቢው ዋጋ፣ ስለ ማብሰያ ዕቃውና ስለ ንግድ ፈቃዱ ነው፤ ስለ መንገዱ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የጠየቀው መንገዱ ነበር። ጉዞው ካሊፎርኒያን፣ ኔቫዳን፣ የአሪዞናን ጥግ፣ ዩታንና ኮሎራዶን ያቋርጣል፤ በረሃውን ከጨረሰ በኋላም ወደ ሮኪ ተራሮች ይወጣል። ሕጉ በየስቴቱ ድንበር ይለዋወጣል፤ ተሳቢው ግን ያው ተሳቢ፣ ፍሬኑም ያው ፍሬን ነው። ስለዚህ ገና ሳልነሣ የወሰንሁት፣ በመንገዴ ላይ ካሉት ሕጎች ጥብቅ የሆነውን መርጬ ከመነሻ እስከ መድረሻ በእሱ ለመሄድ ነው። ይህን ውሳኔ በተግባር እንዴት እንዳዋልሁት ከዚህ በታች በዝርዝር አስረዳለሁ።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከክብደት ነው። ፍሬን ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም፣ የትኛው መንጃ ፈቃድ ይበቃል፣ መኪናው በሕግ ዓይን የቤት ነው ወይስ የንግድ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚመለሱት በክብደት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም የመኪናው ማስታወቂያ «ይህን ያህል ሺህ ፓውንድ ይጎትታል» የሚለው ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ማንበብ ያለባችሁ ሦስት ቦታ ላይ የተለጠፈውን ነው። አንደኛው በተሳቢው ላይ፣ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር የተለጠፈው ሰሌዳ ነው፤ ተሳቢው ከነጭነቱ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ክብደትና እያንዳንዱ አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት፣ የሚሸከመውን ይነግራችኋል። ሁለተኛው በፒክአፑ የሾፌር በር ክፈፍ ላይ ያለው ነው፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ ፓውንድ እንዳይበልጥ ይላል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው አጎንብሶ የማያየው፣ ከፒክአፑ ኋላ ሂቹ፣ ማለትም ተሳቢው የሚያያዝበት መጎተቻ፣ በሚገባበት ብረት ላይ የተለጠፈው ነው።

የእኔን ልንገራችሁ። ተሳቢው ሁለት አክስል ያለው ሲሆን ከፍተኛ ክብደቱ 7,000 ፓውንድ ነው። የፒክአፑ ከፍተኛ ክብደት 6,800 ፓውንድ፣ በበሩ ላይ የተጻፈው የሰውና የዕቃ ገደብ ደግሞ 1,560 ፓውንድ ነው። መኪናው በማስታወቂያው ከ9,000 ፓውንድ በላይ ይጎትታል ይባላል፤ ከኋላው ባለው ብረት ላይ ያለው ጽሑፍ ግን በተራ ሂች 5,000 ፓውንድ ብቻ፣ የተሳቢው አፍንጫ በሚቀመጥበት የሂቹ ኳስ ላይ የሚያርፈውም ከ500 ፓውንድ እንዳይበልጥ፣ ከዚያ በላይ ለመጎተት የክብደት ማከፋፈያ ሂች መግጠም ግዴታ መሆኑን ይናገራል። ማከፋፈያው ሁለት የብረት ዘንጎች ያሉት ሂች ሲሆን፣ በመኪናው ኋላ ላይ የሚያርፈውን ጫና ወደ ፊተኛው እግርና ወደ ተሳቢው አክስል ይመልሰዋል። ያለ እሱ የፒክአፑ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፣ መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራቱም ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

ተሳቢው በኳሱ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት፣ እዚህ አገር ታንግ ዌይት የሚሉት፣ ከተሳቢው አጠቃላይ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከ10 በመቶ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ሲሆን ጅራቱን ግራና ቀኝ መወርወር ይጀምራል፤ በአውራ ጎዳና ላይ ተገልብጠው የምናያቸው ተሳቢዎች የብዙዎቹ ችግር ከዚህ ይነሣል። ይህ ታንግ ዌይት በበሩ ላይ ከተጻፈው ገደብ ውስጥ የሚቆጠር መሆኑንም ልብ በሉ። የምግብ ተሳቢ ደግሞ ለዚህ ልዩ ፈተና አለው። የሠራው ሰው ያሰበው ለማብሰያ ምቾት እንጂ ለመንገድ ሚዛን ስላልሆነ፣ ፍሪጁና መጥበሻው ከኋላ በኩል ተበይደው ወይም በብሎን ታስረው ይገኛሉ።

ሚዛኑን የለካሁት ከሎስ አንጀለስ 40 ማይል ያህል ርቃ በምትገኘው ኦንታሪዮ፣ ከባድ መኪናዎች በሚያርፉበት ነዳጅ ማደያ በሚገኘው ካት ስኬል ነው። ይህ ሚዛን የፊቱን እግር፣ የኋላውን እግርና የተሳቢውን አክስል ለየብቻ ይመዝናል፤ ክፍያውም አነስተኛ ነው። መጀመሪያ ፒክአፑን ብቻውን፣ ሁለት ሰውና ሻንጣችንን እንደያዘ አስመዘንሁ፤ 5,840 ፓውንድ ሆነ። ከዚያ ተሳቢውን አያይዤ፣ የማከፋፈያውን ዘንጎች ፈትቼ ደግሜ አስመዘንሁ፤ የፒክአፑ ሁለት አክስሎች ድምር 6,360፣ የተሳቢው 5,620 ሆነ። በሁለቱ የፒክአፕ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ታንግ ዌይቱ ነው፤ 520 ፓውንድ ማለት ነው። ተሳቢው በጠቅላላው 6,140 ፓውንድ ስለሚመዝን፣ 520 ከ9 በመቶ በታች ነው። እዚያው ቆመን ጄኔሬተሩን፣ የብረት ድስቶቹንና የመሣሪያ ሣጥኑን ከኋላ ወደ ፊት አዛውረን አሰርናቸው። እንደገና ስንመዝን ታንግ ዌይቱ 730 ፓውንድ፣ ወደ 12 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ፒክአፑም በ6,570 ፓውንድ ከገደቡ በታች ቀረ። ዘንጎቹን መልሰን አጠበቅን። በዚህ ሥራ ላይ የጠፋው ጊዜ ከጉዞው ሁሉ ውስጥ ከማልቆጭበት ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ውኃ ጭኖ መሄድም አያስፈልግም። አንድ ጋሎን ውኃ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ሙሉ ከሆነ ከ330 ፓውንድ በላይ ያለ ጥቅም እየተጎተተ፣ በየኩርባውም እየተናጠ ይሄዳል። ንጹሑንም ቆሻሻውንም ታንከር አራግፉ፤ የመጥበሻውን ዘይት አውጡ፤ የጋዝ ሲሊንደሮቹን ቫልቭ ዝጉ። የመሸጫ መስኮቱ ክዳን በራሱ መቆለፊያ ብቻ መታመን የለበትም፤ እኔ ከውጭ በጠንካራ የጭነት ቀበቶ አሰርሁት።

ወደ ፍሬኑ ልግባ። የፍሬን ሕግ ከስቴት ስቴት የሚለያየውን ያህል ሌላ የሚለያይ ያለ አይመስለኝም። በካሊፎርኒያ የካምፕ ተሳቢ 1,500 ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌላ ተሳቢ ደግሞ ከነጭነቱ 3,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ኮሎራዶም 3,000ን ትይዛለች። ቴክሳስ እስከ 4,500 ፓውንድ ትታገሣለች። ኒውዮርክ በተቃራኒው፣ ባዶ ክብደቱ ከ1,000 ፓውንድ ለሚበልጥ ተሳቢ ሁሉ ፍሬን ትጠይቃለች። ስለዚህ ዳላስ ያለ ወንድማችን በሕጋዊ መንገድ የሚጎትተው ተሳቢ፣ እኅቱን ሊጠይቅ ኒውዮርክ ሲገባ ሕገወጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ትሪፕል ኤ የተባለው የመኪና ባለቤቶች ማኅበር የየስቴቱን የተሳቢ ሕግ በአንድ ላይ አዘጋጅቶ ያወጣል፤ ከመነሣታችሁ በፊት የምታልፉባቸውን ስቴቶች እዚያ ተመልከቱ፤ ከዚያም ከየስቴቱ የራሱ የትራንስፖርት ቢሮ አረጋግጡ።

ሕጉ ፍሬን ይኑረው ሲል፣ የሚይዝ ፍሬን ማለቱ ነው። የሸጠኝ ሰው ተሳቢው በአራቱም ጎማ የኤሌክትሪክ ፍሬን እንዳለው ነግሮኝ ነበር። ለረጅም ዘመን ከባድ መኪና የነዱ፣ እኛ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ የሎስ አንጀለስ ነዋሪ አብረውኝ ሊያዩት መጡ። «ልጄ፣ ሰውየው ፍሬን አለው ብሎሃል። አንተ ግን መያዙን በዓይንህ ሳታይ ገንዘብ እንዳትሰጥ» አሉኝ። ክሪክ አስገብተን ጎማዎቹን አንድ በአንድ ከመሬት አነሣን። እኔ ጎማውን በእጄ ሳዞር እሳቸው የብሬክአዌዩን፣ ማለትም ተሳቢው ሲላቀቅ ፍሬኑን የሚያስይዘውን መሣሪያ፣ ፒን ሳብ ያደርጋሉ፤ ሦስቱ ጎማዎች ወዲያው ድርቅ ብለው ቆሙ፤ የኋላው የቀኝ ጎማ ግን እንደልቡ መዞሩን ቀጠለ። ጋሼ ጀርባቸውን አስፋልቱ ላይ አንጋለው በባትሪ መብራት ሲመለከቱ፣ ወደዚያ ጎማ የሚሄደው ሽቦ ከአክስሉ አጠገብ ተበልቶ ተበጥሶ ተገኘ። መካኒክ ሽቦውን ቀጠለው፤ ከበሮውን ሲከፍተው ደግሞ ግራሶው ደርቆ፣ የፍሬን ሸራውም አልቆ ስለነበር የአራቱንም ሸራ ቀየረ፣ ኩሽኔታዎቹን አጥቦ ግራሶ ሞላ። ወጪውን ከሻጩ ጋር ተነጋግረን ከዋጋው ላይ ቀነስነው።

ብሬክአዌይ የሚባለው ነገር ምን እንደሚሠራ ለማያውቁ ላስረዳ። በተሳቢው ፊት አነስተኛ ባትሪ አለ፤ ከባትሪው ጋር የተያያዘች ማብሪያ ደግሞ በቀጭን የብረት ገመድ ከፒክአፑ ጋር ትታሰራለች። ተሳቢው ከመኪናው ከተላቀቀ ገመዱ ፒኑን ይነቅላል፤ ባትሪውም የተሳቢውን ፍሬን በራሱ ይይዛል። የፌዴራሉ የንግድ መኪና ደንብ ፍሬኑ በዚህ ሁኔታ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይዞ እንዲቆይ ያዛል። ባትሪው የሞተ ከሆነ ግን ዕቃው ሁሉ ጌጥ ነው፤ ስለዚህ ባትሪውን በመለኪያ አስፈትሹ። ገመዱን በሂቹ ወይም በሰንሰለቱ ላይ ማሰር ስሕተት ነው፤ ሂቹ ራሱ ከተነቀለ ገመዱ አብሮት ይሄዳልና ከፒክአፑ አካል ጋር እሰሩት። ሁለቱ የደኅንነት ሰንሰለቶች ደግሞ ከኮፕለሩ፣ ማለትም ኳሱን ከሚይዘው የተሳቢው አፍንጫ፣ ሥር ተመሳቅለው ይታሰራሉ፤ ኮፕለሩ ከኳሱ ላይ ቢዘል የተሳቢው አፍንጫ አስፋልቱን ከመውጋት ይልቅ በተመሳቀለው ሰንሰለት ላይ ያርፋል። ለመዞር የሚበቃ እርዝመት ይኑራቸው እንጂ መሬት አይንኩ። ኳሱም ከኮፕለሩ ጋር መጠኑ አንድ መሆን አለበት፤ የእኔ ኮፕለር 2 ከ5/16 ኢንች ነበር፤ ባለ 2 ኢንች ኳስ ሲገባበት የያዘ ይመስላል፣ ጉድጓድ ላይ ግን ይወጣል።

ከፒክአፑ ውስጥ ሆኖ የተሳቢውን ፍሬን የሚያዘው ብሬክ ኮንትሮለር ነው። ባዶ በሆነ ሰፊ መኪና ማቆሚያ በሰዓት 25 ማይል እየነዳሁ የኮንትሮለሩን እጀታ ብቻ በመጫን ሞከርሁት፤ የተሳቢው ጎማዎች ሊቆለፉ ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ኃይሉን ጨመርሁ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አደረግሁ። ይህን ሙከራ ተሳቢው ጭነቱን እንደያዘ ማድረግ ያስፈልጋል።

ጎማውን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ የተሳቢ ጎማ በጥርሱ አይመዘንም። የእኔ ተሳቢ ጎማዎች ጥርሳቸው ገና አዲስ ይመስል ነበር። በጎማው ጎን ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ግን 1214 ይላሉ፤ ትርጉሙም በ2014 ዓመት በ12ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ለዓመታት ፀሐይ ላይ የቆመ ጎማ ውስጡ ይደርቃል፤ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ በረሃ ሙቀት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ይተረተራል። አራቱንም ከትርፍ ጎማው ጋር ቀየርሁ። የተሳቢ ጎማ መለያው ኤስቲ የሚል ፊደል ነው፤ የፍጥነት ፊደሉንም ተመልከቱ፤ ኤል የሚል ከሆነ በሰዓት 75 ማይል፣ ኤም ከሆነ 81 ማይል ነው፤ ብዙዎቹ የቆዩ የተሳቢ ጎማዎች ግን የተሠሩት ለ65 ማይል ነበር። ነፋሱ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ በጎኑ እስከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ይሞላል። የጎማ ዳዶዎቹም ከ50 እስከ 100 ማይል ባለው ውስጥ እንደገና በመለኪያ ቁልፍ መጥበቅ አለባቸው።

አሁን ብዙ ወገኖቻችን ሳያውቁት ወደሚያልፉት ጉዳይ ልምጣ። የራስን የቤት ዕቃ አልፎ አልፎ ማጓጓዝና ለንግድ የሚውል ተሳቢ መጎተት በፌዴራል ሕግ አንድ አይደሉም። የፒክአፑና የተሳቢው ከፍተኛ ክብደት ተደምሮ 10,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጉዞውም ከስቴት ወደ ስቴት ሆኖ ለንግድ ሥራ ከሆነ፣ ፒክአፓችሁ የንግድ መኪና ተብሎ ይቆጠራል። የእኔ 6,800 እና 7,000 ሲደመር 13,800 ነው። ምግብ የምሸጥበትን ተሳቢ ለራሴ ሥራ ማምጣቴ እንጂ ለሌላ ሰው በክፍያ ማጓጓዜ አለመሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ስለዚህ ከመነሣቴ በፊት የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለንግድ መኪና ባለቤት የሚሰጠውን የዲኦቲ ቁጥር አወጣሁ፣ ቁጥሩንና የንግድ ስሜን በፒክአፑ በሁለቱም በሮች ላይ አስለጠፍሁ፣ ለሾፌር የሚሰጠውን የሕክምና ምርመራ አድርጌ ካርዱን ያዝሁ፣ ዩሲአር የሚባለውን ዓመታዊ ምዝገባም ፈጸምሁ። የመንዳት ሰዓት ገደቡም ይመለከታል፤ ከ10 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድም፤ በ30 ቀን ውስጥ ከ8 ቀን ያልበለጠ መዝገብ የሚይዝ ሰው ግን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሳያስፈልገው በወረቀት መመዝገብ ይችላል። የእሳት ማጥፊያና የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ምልክቶችም መያዝ ግዴታ ነው።

የዲኦቲ ቁጥር ከፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሲወጣ ክፍያ የለውም። ቁጥሩ በወጣ ማግሥት ግን ስልካችሁ መጮህ ይጀምራል፤ መንግሥታዊ የሚመስል ደብዳቤም ይመጣል፤ «ካልከፈልህ ትቀጣለህ» ይላሉ። እነዚህ ከሕዝብ መዝገብ ላይ ስማችሁን ያገኙ የግል ነጋዴዎች ናቸው። በእንግሊዝኛው ለማይተማመኑ ታላላቆቻችን ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

መንጃ ፈቃዱን በተመለከተ የፌዴራሉ ወሰን ይህ ነው፦ የሁለቱ ድምር 26,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ፓውንድ ሲበልጥ ክላስ ኤ ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ባለው የእኔ ዓይነት ጭነት ተራው መንጃ ፈቃድ በቂ ነው። ካሊፎርኒያ ግን ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተሳቢ ለሚጎትት ነዋሪዋ፣ ለግል ጉዳይ እንኳ ቢሆን፣ ተጨማሪ ፈቃድ ትጠይቃለች።

ኢንሹራንስም እንዲሁ ነው። የፒክአፕ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት የተያያዘውን ተሳቢም ይሸፍናል፤ ተሳቢው ራሱ ቢገለበጥ ግን አይከፍልም፤ ሥራው የንግድ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ጨርሶ እምቢ ሊል ይችላል። ደውላችሁ «ተሳቢው የምግብ ንግድ ነው፣ ከዚህ እስከዚያ እጎትታለሁ» ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸውና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

መብራቱ ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። ተሳቢው 80 ኢንችና ከዚያ በላይ ስፋት ካለው ከስቶፕና ከፍሬቻ መብራቶች በተጨማሪ የጎን ጠርዝ መብራቶችና ከኋላው አናት መካከል ሦስት ቀይ መብራቶች ያስፈልጉታል። የምግብ ተሳቢ ሰፊ ስለሆነ የፒክአፑ መስታወት አያሳይም፤ ካሊፎርኒያ ከኋላ 200 ጫማ የሚያሳይ መስታወት ስለምትጠይቅ ወደ ጎን የሚረዝም መስታወት ገጠምሁ። በሚጎተት ተሳቢ ውስጥ ሰው አይቀመጥም፤ ልጆች «እዚያ ውስጥ እንተኛ» ቢሉም የማይሞከር ነው።

ወደ መንገዱ ስንገባ በመጀመሪያ የሚያጋጥመው የካሊፎርኒያ ፍጥነት ነው። ማንኛውም ተሳቢ የሚጎትት መኪና፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከ55 ማይል በላይ መንዳት አይችልም፤ መስመሩም የቀኙ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ አራትና ከዚያ በላይ መስመር ባለበት መንገድ ከቀኝ ሁለቱን መጠቀም ይቻላል። ሌሎች መኪናዎች በ75 ሲያልፏችሁ ግፊቱ ከባድ ነው። ቢሆንም ሕጉ የተሠራው በምክንያት ነው፤ ከፍጥነቱ ጋር የተሳቢው መወዛወዝ በእጅጉ ይጨምራል። በዩታ የፍጥነት ሰሌዳው 80 ሲል እንኳ ከ55 አላለፍሁም፤ የካሊፎርኒያን ሥርዓት ድንበሩን ካለፍሁ በኋላም ይዤው ሄድሁ ማለት ነው።

ከኦንታሪዮ በስተሰሜን አይ-15 ወደ ካሆን ፓስ ይወጣል። ቦታው በነፋሱ የታወቀ ነው፤ ከፍተኛ ባዶ ተሳቢዎችን ይገለብጣል። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ ማለፍን መርጠናል። ላይ እንደደረስን ቆመን ዳዶዎቹን አጠበቅሁ፣ የእያንዳንዱን ጎማ መሐል በእጄ ዳሰስሁ። ለብ ማለቱ ደህና ነው፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን ኩሽኔታው ወይም የማይለቅ ፍሬን ነው። ነዳጅ በሞላን ቁጥር ይህንኑ አደርግ ነበር። ከቤከር ቀጥሎ ያለው የበረሃ ዳገት ደግሞ ሞተር የሚፈላበት ነው፤ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ፣ ማርሽ ቀንሳችሁ፣ በቀኝ መስመር በዝግታ መውጣት ነው። አሪዞና የምትቆየው 29 ማይል ያህል ብቻ ቢሆንም የቨርጂን ወንዝ ገደል ጠባብና ነፋሻማ ነው።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ምን ይደረጋል? የፒክአፑን ፍሬን አትርገጡ፤ መሪውንም ወዲያና ወዲህ አታሯሩጡ። እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ የብሬክ ኮንትሮለሩን እጀታ በእጃችሁ ጫን አድርጉ፤ የተሳቢው ፍሬን ብቻውን ሲይዝ ተሳቢው ወደ ኋላ ይጎተትና ይቃናል። ይህን አስቀድማችሁ በባዶ ሜዳ ተለማመዱት፤ በዚያች ቅጽበት ለማሰብ ጊዜ የለም።

በዩታ ከሳሊና እስከ ግሪን ሪቨር ከ100 ማይል በላይ ነዳጅ ማደያ የለም። ተሳቢ የሚጎትት ፒክአፕ ነዳጁን እጥፍ ያህል ስለሚጠጣ ሳሊና ላይ ሙሉ። ከዚያ በኋላ በስፖትድ ዎልፍ ካንየን በኩል ረጅም ቁልቁለት ይመጣል፤ በሮኪ ተራሮች ለሚመጣው መለማመጃ ይሆናል።

ኮሎራዶ ስትገቡ ጉዳዩ ከፍታ ነው። የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል 11,158 ጫማ ከፍታ ላይ ነው፤ ወደ ምሥራቅ የምንሄደው የምናልፍበት ጎን በ1979 የተከፈተው የጆንሰን ዋሻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ዋሻው ላይ ሲደርስ ሲሶው ሄዷል። ስለዚህ መኪናችሁ ሎስ አንጀለስ ላይ በቀላሉ ይጎትተው የነበረውን እዚህ በ35 ማይል ሊወጣው ይችላል፤ መብራት አብርታችሁ በቀኝ በኩል ታገሡ። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው አይ-70 ላይ ኮሎራዶ የክረምት ጎማ ወይም ሰንሰለት የሚመለከት ሕግ አላት፤ እኔ በጁን ወር የተጓዝሁት በዚህ ምክንያት ነው።

መውጣቱ ሞተርን ይፈትናል፤ መውረዱ ግን ነፍስን። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና አናቱ ላይ ሳላችሁ፣ ቶው ሆል የሚለውን፣ ማርሹን ለመጎተት የሚያዘጋጀውን ቁልፍ ተጭናችሁ ማርሹን ዝቅ አድርጉ፤ ፍጥነቱን ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል፤ ጠንከር አድርጎ ይዞ 5 ማይል ያህል መቀነስ፣ ከዚያ ጨርሶ መልቀቅና እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙ።

ከሁሉም የሚያሳስተው የመጨረሻው ነው። ከአይዳሆ ስፕሪንግስ በኋላ የፍሎይድ ሂልን ዳገት ወጥታችሁ ጀነሲ ስትደርሱ የዴንቨር ሜዳ ከፊታችሁ ይዘረጋል፤ ተራራው ያለቀ ይመስላል። እዚያ አካባቢ ለከባድ መኪና ሾፌሮች «እንዳትታለሉ፣ ገና 4 ማይል ቁልቁለትና ኩርባ አለ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳው የቆመው በከንቱ አይደለም። በኤፕሪል 2019 ፍሬኑ ያልያዘለት ከባድ መኪና ይህን ቁልቁለት ወርዶ ሌክውድ ላይ በቆሙ መኪናዎች ውስጥ ገብቶ 4 ሰዎች ሞተዋል። ለፒክአፕ ሾፌርም ትምህርቱ ያው ነው። እኔ ጀነሲ ላይ ማርሹን ሁለተኛ አድርጌ በ45 ማይል ወረድሁ፤ ከኋላዬ ጥሩምባ የሚነፉ ነበሩ፤ ቀኝ መስመሬን ይዤ ቀጠልሁ። ታች ስደርስ የጎማዎቹ መሐል ከበረሃው የበለጠ አልሞቀም ነበር።

ኦሮራ ከደረሳችሁ በኋላ ተሳቢውን በስማችሁ ለማዛወር፣ ሊብሬው ከሌላ ስቴት ስለሆነ ኮሎራዶ የሻንሲ ቁጥሩ በአካል እንዲረጋገጥ ትጠይቃለች። ስለዚህ ገና ስትገዙ በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርና በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር በእያንዳንዱ ፊደል አንድ መሆኑን፣ ሻጩም በሊብሬው ላይ የተጻፈው ሰው መሆኑን አረጋግጡ። የዲኦቲ ቁጥራችሁን ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ማደስ ግዴታ ነው፤ የምታድሱበት ወር በቁጥሩ የመጨረሻ አኃዝ ይወሰናል። ተሳቢውን ከዚያ በኋላ ከስቴት ስቴት የማታንቀሳቅሱ ከሆነ ቁጥሩን ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ በማደሻው ቅጽ ሥራው መቆሙን አሳውቃችሁ አዘጉት።